ስትመጣ በአንድ ትንፋሽ፣ ስትመለስ አረፍ ብላ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ጎሮ

እቴቴ ዛሬ ጠዋት ከዋሽንግተን ገባች። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከከተመች ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗታል። አውሮፕላኑ ያረፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። እሷ ግን የወጣችው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ምክንያቱም አጠገቧ የነበሩትን ሴትዮ፣ ከኋላዋ የነበረውን ልጅ፣ ከፊቷ የነበሩትን ባልና ሚስት ሁሉንም አቅፋ ሳትሰናበት መውጣት አልቻለችም። አሥራ ሦስት ሰዓት አብሮ መቀመጥ እኮ ዝምድና ነው ትላለች። እውነቷን ነው። እኔ ከአንዳንድ የሥጋ ዘመዶቼ ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ቢደመር አሥራ ሦስት ሰዓት አልተቀመጥኩም።

መኪና ውስጥ እንደገባች ጫማዋን አወለቀች። እግሯ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል።

«የትም ሳትቆሙ ነው የመጣችሁት?»

«የትም። ተነሳን፣ በላን፣ ተኛን፣ በላን፣ ቦሌ።»

የመመለሻዋን ቀን ላይ ብዬ ትኬቷን ሳገላብጥ ነው ነገሩ የገረመኝ። ስትመለስ መንገድ ላይ አንድ ማረፊያ አለ። ያው አየር መንገድ፣ ያው ሁለት ከተማ፣ ያው ሰማይ። ስትመጣ በአንድ ትንፋሽ፣ ስትሄድ ግን አረፍ ብላ። ለምን ይሆን?

ቤቴ ጎሮ ነው፣ ከአየር ማረፊያው በስተምሥራቅ። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ የሩቅ አገር በረራዎች ተራ በተራ ይነሳሉ፣ ነፋሱ በኛ በኩል ሲያስነሳቸው ደግሞ የቤታችን ወሬ ይቆማል፣ አውሮፕላኑ ያልፋል፣ ወሬው ይቀጥላል። እንግዳ ይደናገጣል። እኛ ሳናውቀው አረፍተ ነገር መሀል ላይ ዝም ማለት ለምደናል።

ማታ ጎረቤቴ እቴቴን እንኳን ደህና መጡ ሊሉ ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሳቁ።

«እርስዎ ሲመጡ የተነሱት ከዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ፣ ከደልስ ነው» አሏት። «ደልስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው። ክንፍ አየር ላይ ነው የሚደገፈው፣ ሞተርም አየር ስቦ ነው የሚገፋው። ቦሌ ደግሞ 2,300 ሜትር ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል፣ ክንፉ ደግሞ ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ፍጥነት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ጎማውም ቢሆን ከዚህ በላይ አታሩጡኝ የሚልበት ልክ አለው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«መቅለል ነዋ። ወይ ሰው ይቀነሳል፣ ወይ ሻንጣ ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጅ ይቀነሳል። ሰውና ሻንጣ ገንዘብ ነው። ነዳጁ ይቀነስና ዝቅ ያለ አገር ወርዶ ይሞላል።»

ከዚህ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦይንግ 787 ከዚያ በላይ መብረር ይችላል። ችግሩ ርቀቱ አይደለም፣ መነሻው ነው። የረጅም በረራው ጣጣ አዲስ አበባ ላይ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ አራት ኪሎ ሜትሮች፣ ያውም መሬት ላይ ነው። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ከበላዬ ሲያልፉ፣ ማታ ማታ የሚነሱት ዝም ብሎ ይመስለኝ ነበር። ለካ አውሮፕላን የሚቀይረው ሰው የሚገናኝበት ሰዓትም አለበት፣ የሌሊቱ ብርድም ያግዛቸዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ወፈር ይላል።

«ናይሮቢ ግን ኒው ዮርክ ቀጥታ ይበራል ይባላል» አልኩ፣ አዋቂ ለመምሰል። እውነት ነው፣ ኬንያ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ 15 ሰዓት ገደማ ሳይቆም ይሄዳል።

«ናይሮቢ ከኛ በ700 ሜትር ዝቅ ይላል» ብለው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

እቴቴ እያንቀላፋች ነበር፣ ግን ሰምታለች። «እኔ በዚሁ ነዳጅ ሰበብ ደብሊን ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አንድም ቀን አልረገጥኩትም።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 6፤ ቡልቡላ፣ ከዚያ የሌሊት ወሬ

እቴቴ ቀኑን ትተኛለች፣ ሌሊቱን ትነቃለች። ቀን ሥራ ፈት ስለሆንኩ ቡልቡላ ሄድኩ። አንድ ጓደኛዬ እዚያ ላለ ፔንሲዮን ሰርቪስ ይነዳል፤ ሥራው ትራንዚት የሚያድሩ ሰዎችን ከቦሌ ማምጣትና ማድረስ ነው። ቡልቡላ ከአየር ማረፊያው ጀርባ ነው። ያልተጠናቀቁ ፎቆች፣ ባጃጅ፣ ከፎቆቹ መሀል ድንገት የአውሮፕላን ጅራት።

ከሌጎስ የመጣ ነጋዴ አብሮን ነበር። ወደ ጓንዡ ነው የሚሄደው፣ የስልክ ዕቃ ሊያመጣ። አዲስ አበባ ሲያድር ለዘጠነኛ ጊዜው ነው። ከተማዋን እንዴት አገኘሃት አልኩት። አየር ማረፊያውን፣ ይህችን መኪና እና የፔንሲዮኑን እንቁላል ፍርፍር በደንብ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ቀጥታ በረራ ብታገኝስ? «ዋጋው ካልበለጠ እሄዳለኋ» አለ፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ። ጓደኛዬ በመስታወቱ አየኝ። የሱ እንጀራ እንግዲህ በዚች «ካልበለጠ» ላይ ነው የተጋገረው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከሩቅ አገር ወደ አፍሪካ የሚጓዘውን ሰው በማስተላለፍ ቦሌ ዱባይን መብለጡ ተዘግቦ ነበር። እኛ ያኔ በደስታ አወራን። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ግን ስንቱ ነው ቡልቡላን እንኳ ያየው?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሳሎኑ መብራት በርቶ አገኘሁት። እቴቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። ለሷ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እኔም እንቅልፌ ጠፋ፣ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ሰው ሳይቆም መብረር ሲጀምር መቆሚያዎቹ ምን ሆኑ የሚለውን ሳነብላት ነጋ።

ጋንደር የምትባል ትንሽ ከተማ ካናዳ ውስጥ አለች። በፈረንጆቹ 1940ዎቹና 50ዎቹ አትላንቲክን የሚያቋርጥ አውሮፕላን ሁሉ ማለት ይቻላል ነዳጅ የሚቀዳው እሷ ዘንድ ነበር። ከወዲያ ማዶ ደግሞ አየርላንድ ውስጥ ሻነን። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ አየር ማረፊያ ውስጥ በዓለም መጀመሪያ የተከፈተው ሻነን ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1947፤ ሰዉ ነዳጅ እስኪቀዳ ቆሞ ከሚያዛጋ ይግዛ ብለው። ከዚያ ጄቱ መጣ። ጄቱ ነዳጁን ይዞ ይሻገራል። ጋንደር ፀጥ አለች። እስከ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ድረስ። ያን ቀን የአሜሪካ ሰማይ ሲዘጋ 38 አውሮፕላኖች ከ6,500 በላይ ሰው ይዘው እዚያ ወረዱ፣ ከተማዋ ራሷ 10,000 ገደማ ሰው ናት፣ ሁሉንም አበላች፣ አስተኛች።

«እንግዳ መቀበል ያልረሳ አገር» አለች እቴቴ።

አንኮሬጅ፣ አላስካ፣ ሌላ ታሪክ ነው። ሶቪየት ኅብረት ሰማይዋን በዘጋችበት ዘመን ከአውሮፓ ቶኪዮ የሚሄደው በሰሜን ዋልታ ዞሮ አንኮሬጅ ያርፍ ነበር። የፊንላንዱ ፊንኤር እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ሳይቆም በረረ። ቆየት ብሎ ሶቪየት ሰማይዋን ከፈተች፣ ሩቅ የሚሄደው ቦይንግ 747-400ም መጣ፣ የአንኮሬጅ ተሳፋሪ ተነነ። ግን ከተማዋ አልሞተችም። ጭነት ያዘች። ሣጥን እግሩ አያብጥም፣ ቸኩያለሁ አይልም፤ የጭነት ድርጅት ነዳጅ ተሸክሞ ሩቅ ከሚበር መሀል ላይ ቆሞ ብዙ ዕቃ ቢጭን ይሻለዋል። አንኮሬጅ ዛሬ በጭነት ከዓለም ዋና ዋናዎቹ አንዷ ናት።

ደግሞ የዘመኑን አነበብኩላት። ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ18 ሰዓት በላይ፣ ሳይቆም። ያ አውሮፕላን 161 ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ ተራ ማዕረግ የሚባል የለውም። የአውስትራሊያው ኳንታስ በበኩሉ ከሲድኒ ለንደን እስከ 22 ሰዓት ሊበር እ.ኤ.አ. በ2027 እጀምራለሁ ብሏል፤ 20,000 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ ታንክ ያለው ኤርባስ አስሠርቶ፣ ወንበሩን 238 ላይ አቁሞ። ያው ዓይነት አውሮፕላን ሌላው ዘንድ ከ300 በላይ ይጭናል።

«ለምን ይቀንሱታል?»

ጋሼ ማክሰኞ ማታ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ያሉትን ነገርኳት። አህያ ጭድ ጭና ሩቅ ስትሄድ የጫነችውን ራሷ ትበላለች። ረጅም በረራም እንደዚያው ነው፣ ከሚቃጠለው ነዳጅ ቀላል የማይባለው የሚቃጠለው ነዳጁን ራሱን ለመሸከም ነው።

«22 ሰዓት» አለች እቴቴ። «እኔ እንኳን ቀብር ላይ ነው የምደርሰው። የራሴ።»

እ.ኤ.አ. በ1947 ኳንታስ ያንኑ መንገድ ሲጀምር አራት ቀን ይፈጅ ነበር። ዳርዊን፣ ሲንጋፖር፣ ካልካታ፣ ካራቺ፣ ካይሮ፣ ትሪፖሊ እያረፈ። ይህን ስትሰማ ቆሎውን አስቀመጠች። እሷ በ1983 ዓ.ም. ስትወጣ ሮም ሁለት ሌሊት አድራ ነበር። ሮም ላይ ጫማ ገዛች። ያን ጫማ እስከ 1990 አድርጋዋለች፣ ሠርጓንም በሱ ነው የጨፈረችው፣ አሁንም የሆነ ካርቶን ውስጥ አለ። ከደብሊን ስድስት ጉዞ የተረፈ አንድም ነገር የላትም።

እሑድ፣ ግንቦት 9፤ አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ዱከም

ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም፣ የአክስቴ ልጅ መኪና ይዞ መጣ፣ ሥጋ ሊያበላን። አቃቂ ላይ እቴቴ አቁም አለች። የድሮውን ሐዲድ ልታይ ፈለገች። አባቷ ድሬዳዋ ሲነግዱ በዚህ ባቡር ነበር የሚመላለሱት። ሐዲዱ በየቦታው ሣር በልቶታል፣ አንድ ፍየል መሀሉ ላይ ቆማ አየችን።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፣ ሌሊት አይሄድምና፤ ሰው አዋሽ ያድራል፣ ድሬዳዋ ያድራል። አዋሽ ላይ ሆቴል የተሠራው ባቡሩ ስለሚያድር ነው። ድሬዳዋማ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው። አሁን አዲሱ ባቡር በፉሪ ለቡ በኩል ሌላ መስመር ይዞ ይሄዳል። አቃቂን አያውቃትም።

ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ መንገዱ ሁለት ሆነ። በቀኝ ፈጣን መንገዱ፣ በግራ አሮጌው። ፈጣን መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት አዳማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይቆሙ መድረስ ተቻለ፤ ከፍለህ ትገባለህ፣ አጥሩ መሀል ትነዳለህ፣ ሽንኩርት የሚሸጥ የለም፣ ዘሎ የሚገባ በግ የለም። አሮጌው ግን ገላንን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን እያቆራረጠ ይሄዳል።

በአሮጌው ሄድን። ሥጋው ያለው እዚያ ነዋ።

ዱከም የሾፌር ከተማ ነበረች። የጅቡቲ ተሳቢ ሁሉ የሚያልፈው በውስጧ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ጋር ሳልፍ የማስታውሰው ረጅም የቆመ የመኪና ሰልፍ፣ ጎማ ሲመታ፣ የጥብስ ጭስ። ዛሬ ከሥጋ ቤቱ ጎን አንድ ጎሚስታ አየሁ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሥራ እንዴት ነው አባቴ አልኳቸው። «ጎማው አሁን ወዲያ ነው የሚፈነዳው» አሉኝ፣ በአገጫቸው ፈጣን መንገዱ ወዳለበት እያሳዩ።

ሥጋ ቤቱ ግን ጢም ብሏል። ወንበር እስክናገኝ ቆምን። ሥጋ ቆራጩን ስጠይቀው ድሮ የሚያበላቸው ሾፌር እንደነበር፣ አሁን የአዲስ አበባ ሰው እንደሆነ ነገረኝ። ዱከምን ብሎ የሚመጣ እንጂ በዱከም ሊያልፍ የሚመጣ አይደለም። የጎሚስታው ደንበኛ ግድ ሆኖበት ነበር የሚቆመው። ያኛው ሚጥሚጣውን አስቦ ነው ከቤቱ የወጣው። የሐሙስ ሌሊቱ ንባቤ በሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቁርጥ ሆኖ ቀረበልኝ፤ ለነዳጅ ብቻ የሚቆሙባት ጋንደር ጎሚስታው ነች።

ለቦሌ ግን ይህ ልኩ አይደለም። እዚያ የሚቆመው ሰው ነዳጅ ፈልጎ አይደለም፣ ሥጋም አምሮት አይደለም፤ አውሮፕላን ሊቀይር ነው። ከሌጎስ ጓንዡ፣ ከሉሳካ ሙምባይ፣ ከኪጋሊ ፓሪስ፤ በየሁለቱ ከተማ መሀል በየቀኑ ቀጥታ አውሮፕላን የሚሞላ ሰው የለም። ሁሉም አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይበተናል። አውቶቡስ ተራ ማለት ነው። ሲድኒ ከለንደን ሳይቆም ቢገናኝ ሲንጋፖርም ዱባይም እምብዛም አይጎድልባቸውም፣ ምክንያቱም ሺህ ሌላ ጥንድ ከተማ አላቸው። የኛን ተሳፋሪ የሚወስደው የ22 ሰዓቱ ጉደኛ በረራ ሳይሆን ማንም ልብ የማይለው መካከለኛው ነው። ዴልታ አትላንታን ከሌጎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀጥታ አገናኘ፣ ዩናይትድም በ2021 ከዋሽንግተን አክራና ሌጎስ ጀመረ። እንዲህ ያለ መስመር በተከፈተ ቁጥር የጓደኛዬ ሰርቪስ አንድ ወንበር ትጎድላለች።

የአክስቴ ልጅ «ብሉ እንጂ፣ ምንድን ነው የምታወሩት?» አለ። በላን። ስንመለስ በፈጣን መንገዱ ተመለስን፣ ጠግበን ስለነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12፤ ቢሾፍቱ፣ አቡሴራ

ደብረ ዘይት የሚሏት አሁንም አሉ፣ እቴቴ አንዷ ናት። ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ቡና ጠጣን፣ ከዚያ እኔ የማየው ነገር አለ ብዬ ሁሉንም አስነሳኋቸው።

አዲሱ አየር ማረፊያ የሚሠራበትን ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አቡሴራ ይባላል። የመሠረት ድንጋዩ ባለፈው ጥር ተጥሏል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል፣ ንድፉ የለንደኑ የዛሃ ሐዲድ ቢሮ ነው፣ አራት መንደርደሪያ ይኖረዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ሲከፈት በዓመት 60 ሚሊዮን ሰው፣ ኋላ ደግሞ 110 ሚሊዮን ያስተናግዳል ተብሏል። ቁጥሩን ሳነብ ትልቅነቱ አልገባኝም ነበር። ሜዳውን ሳይ ነው የገባኝ። ዓይን አይጨርሰውም።

አፈሩ ጥቁር ነው። የአዳ መሬት ነው፣ የማኛ ጤፍ አገር። ጤፍ ሐምሌ ነው የሚዘራው፣ አሁን ማሳው ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ጊዜው ስላልደረሰ ይሁን ስለማይዘራ ከመኪና ሆኖ አይለይም። እቴቴ ዝም አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጓዳዋ ውስጥ የአዳ ጤፍ ነኝ የሚል ከረጢት አለ፣ በዚሁ አውሮፕላን የሄደ።

መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ ጠና ያሉ ናቸው፣ አዴ አልናቸው። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፣ ጨዋታ ያውቃሉ። ዘመዶቻቸው ከመሬታቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወሩ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ሲመጣ ምን ተሰማዎት አልኳቸው፣ የጋዜጠኛ ጥያቄ፣ አፈርኩ። ሻዩን እየቀዱ «እኔ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ እሱ ግን እኔ ላይ ሊያርፍ ነው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመና ማንም የሚናገረው አጣ።

ለሠራተኞቹ ቁርስ ልጀምር ነው አሉን በኋላ። ምጣድም ገዝተዋል።

የኔ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው እንደሚሉት ከመንገደኛው 80 በመቶው ትራንዚት ነው የሚሆነው። ከግቢው አይወጣም። ለሱ 350 ክፍል ሆቴል ውስጥ ድረስ ይሠራለታል። አምስት ሰው ሲያርፍ አራቱ የአዴን ሻይ አያዩትም፣ የቢሾፍቱን ሐይቅ በመስኮት አይተው፣ እቴቴ ደብሊንን እንዳየችው፣ ያልፋሉ። አየር መንገዱ ያተርፋል፣ እሰየው፣ አገር ነው። ዱከም ግን ያተረፈችው አጥር ስለሌላት ነው። ለትራንዚቱ ሰው ስድስት ሰዓት ካለው በአውቶቡስ አውጥቶ ሐይቅ ዳር ዓሣ አብልቶ የሚመልስ ነገር ከሕንፃው ጋር ካልታሰበ ከሕንፃው በኋላ አይታሰብም፣ እኛ አገር ልማዱን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ደስ አለኝ። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። የአክስቴ ልጅ «ከዚህ ቢነሳ እኮ ቀጥ ብለሽ ትሄጂ ነበር» አላት። ለጋሼ ደወልኩላቸው። «ይረዳል፣ በደንብ ይረዳል» አሉ፣ «ግን ባሕር ዳርቻ ነው አላልኩም። 1,900 ሜትርም ተራራ ነው።» አያይዘውም ከልደታ ወደ ቦሌ የተዛወርንበትን አነሱ። የከተማዋ የመጀመሪያ አየር ማረፊያ ልደታ ነበር፤ ጄት ሊመጣ ሲል ልደታ አልበቃ አለ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ቦሌ ተከፈተ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር፣ ሜዳ፣ ገብስና ጅብ። «አውሮፕላን በጎለመሰ ቁጥር ከከተማ ይወጣል» አሉኝ፣ «ከተማው ደግሞ ይከተለዋል።»

የቶጎዋን ሎሜንም አስታወሱኝ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ኒውአርክ ሲሄድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሎሜ ያርፍ ነበር። ሎሜ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፣ አየሯ ወፍራም፣ ከዚያ እንደ ልብ ነዳጅ ሞልቶ አትላንቲክን መሻገር ይቻላል። ግን ነዳጅ ብቻ አልሆነም። የምዕራብ አፍሪካው አስካይ፣ ኢትዮጵያ ድርሻ ያለበት፣ ሎሜን ማዕከል አድርጎ ከየአገሩ ሰው ያመጣል፣ እዚያው ያሳፍራል። ግድ ሆኖ የቆሙበትን ቦታ ሱቅ አደረጉት። ይህን ያሰበ ሰው ሻይ በነፃ ይገባዋል።

ሰኞ፣ ግንቦት 17፤ ጎሮ

ቀኑን በሚዛን ዋልን። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ኮሰረት፣ የጎረቤት አደራ፣ የአደራ አደራ። እቴቴ አንዱን ሻንጣ ሚዛን ላይ አውጥታ 26 ሲል ሽሮውን ታወጣለች፣ ትስመዋለች ማለት ይቀለኛል፣ መልሳ ትከተዋለች። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «እሺ፣ አሁን አውሮፕላኑ ለምን እንደሚቆም ገባችሁ?» አሉ።

የኛ አየር ቀጭን፣ የኛ ሽሮ ወፍራም። ሌላ ሚስጥር የለውም።

ወደ ቦሌ ስንሄድ ብዙም አላወራችም። መግቢያው ላይ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ፕላስቲክ የተጠመጠመበት ሻንጣ ይገፋል። አቀፈችኝ። ጆሮዬ ላይ «በሚቀጥለው በአዲሱ ነው የምመጣው፣ አዴን ቁርስ አስይዝልኝ» አለች።

ቤት ተመልሼ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። የስልኩ ካርታ አውሮፕላኗ ከበሩ መልቀቋን አሳየኝ። አራት ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ብርድ ነው፣ ለአውሮፕላን ጥሩ ነው። ከምዕራብ በኩል ድምፁ ተነሣ። ረዘመ። እንደ ሌላው ቀን ቶሎ አልመጣም፣ ወይም እኔ ስለጠበቅኩት ይሆናል። መብራቱ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጣሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ብቅ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሸክሙን ተሸክሞ፣ ከበላዬ አለፈ። ታች ያለው ጎረቤት ቤት ውስጥ ወሬ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ሊነጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። «ቆመናል። ዝናብ ነው። አንድ ልጅ ቢጫ ልብስ ለብሶ ነዳጅ ይቀዳል። በመስኮት እጄን አውለበለብኩለት፣ አላየኝም መሰለኝ። እግሬ ደህና ነው።»

ከተማው እንዴት ነው ብዬ ጻፍኩላት።

«የቱ ከተማ?» አለችኝ።